ጓደኛዬን ከገደል ለማውረድ

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ጓደኛዬን ገደል ላይ ጥዬው ሸሸሁ። ነገሩን ከዚህ ካልጀመርሁት ሌላው ሁሉ ራሴን ማሳመሪያ ይሆንብኛል።

ማር ቆራጮች ነበርን። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር፣ የገደል ንብ ያለበትን እየዞርን እንቆርጥና መተማ ገበያ አውጥተን እንሸጥ ነበር። እሱ ይወርዳል፤ እኔ ከላይ ገመድ እይዛለሁ። ሥራውን እንዲህ የተካፈልነው ገና ጢም ሳናበቅል ነው። እሱ ከፍታ አይፈራም፤ እኔ ግን ጎተራ ላይ እንኳ መውጣት እፈራለሁ። ሙያው ከአባቱ የመጣ ነበር። አባቱ በጉልምስናቸው ጊዜ ያለ ገመድ፣ ከታች ወደ ላይ እየቧጠጡ የሚወጡ፣ በቆላው የታወቁ ሰው ነበሩ።

ገደሉ ከመንደራችን የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ ከጓንግ ወንዝ ወዲህ፣ ሜዳው መካከል ብቻውን ቆሟል። አናቱ ደልዳላ ነው፤ በስተኋላው በኩል በቅሎ ከነጭነቷ ትወጣዋለች። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ፊቱ ግን ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ድንጋዩ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከክፈፉ ሥር አንድ ሰው ቢጋደምበት የሚበቃው ጠፍጣፋ ቦታ አለ። እኛ መደቡ እንለዋለን። ንቦቹ የሚኖሩት ከመደቡ ጀርባ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። አናቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው መደቡን አያየውም።

ያን ቀን ጧት ጓደኛዬ በጠፍር ገመድ ወርዶ፣ እየተወዛወዘ መደቡ ላይ ገባና ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ገመድ ታጥቆ ማር አይቆረጥም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር የምናደርገው። እኔ ገመዱን የግራር ግንድ ላይ አስሬ ተቀምጫለሁ። ገና ጭሱን ሳያቀጣጥል በስተኋላ በኩል የበቅሎ ኮቴና የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብድግ ብዬ ሳይ ባንዳዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ነጮች አሉ፤ በቅሎዎቹ ድንኳንና ሣጥን ተጭነዋል። በዚያ ሰሞን በረሃ ውስጥ የተገኘ ጎልማሳ ሁሉ ሽፍታ ነው ተብሎ ባለበት ይረሸን ነበር። ገና አላዩኝም።

ገመዱን ከግንዱ ፈታሁና መሳብ ጀመርሁ። ከክፈፉ ሥር «ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ። የገመዱ ጫፍ ከፊቱ ሲነሣ አይቶት መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። አልቆየሁም። ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጠቅልዬ በደቡቡ ተዳፋት በሣሩ ውስጥ ተንሸራትቼ ወረድሁ።

ገመዱን ቢያዩት ኖሮ ጫፉን ተከትለው ያገኙትና ይገድሉት ነበር፤ ስለዚህ የሳብሁት እሱን ለማዳን ነው እያልሁ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርሁት አላውቅም። ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ስስብ ይህን አላሰብሁም። ምንም አላሰብሁም። እጄ ሳበ፣ እግሬ ሮጠ።

እስከ እኩለ ቀን ያልፋሉ፣ ያን ጊዜ እመለሳለሁ ብዬ ሣሩ ውስጥ ተኛሁ። አላለፉም። ድንኳን ተከሉ፤ ድንጋይ መካብ ጀመሩ። ከመተማ ወደ ጎንደር የሚያወጣውን መንገድ ለመጠበቅ የመጡ ኖረዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓንግን ተሻግሬ አንድ ዘመዴ ማሽላ የሚጠብቅበት ዳስ ገባሁ፤ እዚያ ስምንት ቀን ተቀመጥሁ። በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እል ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መንደር ገብቼ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄድሁ። ሽማግሌው ጎናቸውን በሽመል ታስረው አልጋ ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ጓዳ ውስጥ የጓደኛዬ ሚስት ማሽላ ትፈጫለች። ዞራ አላየችኝም።

«ከየት መጣህ?» አሉኝ።

«ከጓንግ ማዶ፣ አባባ።»

«ገመዱስ?»

«እዚያው ነው።»

«ቁጭ በል። አንድም ሳትዋሽ ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። «ቆይ አለኝ» ስል የወፍጮው ድምፅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጠለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጣራው ላይ አላነሡም። ጨርሼ ዝም ስል የእሳቸውን ነገሩኝ።

ልጃቸው ሲቀርባቸው ዕለቱን ተነሥተው ወደ ገደሉ ሄደዋል። ከሥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተው ሲያዩ ከመደቡ ጠጠር ይወድቃል። «እንዳይጮህ ከላይ ሰዎቹ አሉ። ጠጠር ይጥላል፤ ቆይቶ ሌላ ይጥላል። ከታች ሰው ቢኖር ብሎ ነው። እኔም አለሁ ብዬ መመለስ አልቻልሁም፤ የእኔን ድምፅ እነሱ ይሰሙታል።» ሰው እንዳይጠሩ ጎልማሳው ሁሉ አርማጭሆ በረሃ ገብቷል። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ራሳቸው ሊወጡ ሞከሩ። ሦስት የሰው ቁመት ያህል ወጥተው ወደቁ፤ የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። እየተጎተቱ ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ።

«ከዚያ ወዲያ በቅል የያዝሁትን ውኃ ከመቅመስ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ሰማሁት። በአምስተኛው ቀን ጠጠሩ ቀረ። በስድስተኛው አሞራ መጣ።»

ምራታቸው የሄዱበትን ሳታውቅ ፈልጋ ፈልጋ ያገኘቻቸው በዚያ ቀን ነው። በአህያ ጭና አመጣቻቸው።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ደግሞም እንዲረግሙኝ ፈልጌ ነበር። አልረገሙኝም።

«እንግዲህ ታወርደዋለህ» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ ገደል ወጥቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ከላይ እንዳትወርድ ሰዎቹ ሰፍረውበታል። ከታች ነው የምትወጣው። መደቡ ከሥሩ ዐሥራ አራት ቁመት ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። የክረምቱ ዐውሎ ዝናቡን እያገላበጠ መደቡን ያጥበዋል፤ ከዘነበ የሚቀበር አናገኝም። ስድስት ወር አለን። እኔ አስተምርሃለሁ፣ አንተ ትማራለህ። አፅሙ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ከዚያ በኋላ ወደፈለግህበት ሂድ።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ሱዳን ቅርብ ነው፤ ብዙ ሰው ተሻግሯል። እምቢ አላልሁም።

መጀመሪያ ያደረጉት ዕቅድ ማውጣት ነበር። ምራታቸው ምድጃው አጠገብ አመድ ዘረጋችላቸው፤ ተጋድመው በዘንግ ጫፍ ገደሉን ሳሉልኝ። የምወጣበት ስንጥቅ እዚህ ይጀምራል፤ ስምንት ቁመት ላይ የዋርካ ሥር ከድንጋዩ ወጥቷል፤ ከሥሩ በላይ ልሙጡ ድንጋይ ይመጣል። «ልሙጡ ላይ ስትደርስ ከራስህ በላይ በግራ፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ጀርባ አንድ ጉድጓድ አለ። ዓይንህ አያየውም። አራት ጣት ያስገባል። ያን ካልያዝህ መደቡን አትይዘውም።» አየሁትና ጨረስሁ ስላቸው በእጃቸው አመዱን አጠፉት። «አሁን መደቡን እርሳው። መደቡን እያሰብህ የምትወጣ ከሆነ ትወድቃለህ። እኔ የምጠይቅህ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ እስከ የት ነው? እሱን ትነግረኛለህ፤ እሱን ታደርጋለህ፤ ትወርዳለህ።»

ከመንደሩ ወጣ ብሎ ውኃው የደረቀ ወንዝ አለ፤ ዳሩ እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ስድስት ቁመት ይሆናል። ትምህርቱ እዚያ ሆነ። ዳሌያቸው ትንሽ ሲጠግግ በአህያ እየመጡ ጥላ ሥር ይጋደማሉ። ድንጋዩ ላይ በየቁመቱ የነጭ አፈር ምልክት አስደረጉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መውጣት ከለከሉኝ። በጎን በኩል በደህናው መንገድ ዞሬ እወጣና በፊቱ እወርዳለሁ። ይኸው ብቻ። መጀመሪያ ከራሴ ቁመት፣ ቀጥሎ ከአንድ ተኩል። «ፍርሃትህ መውረዱን ስለማታውቀው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ግን ፍርሃቴ አልጠፋም። አንድ ቀን ሁለት ቁመት ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ አልሁ። እሳቸው ከሥር አልጮሁም፤ «ቀኝ እግርህን አንድ ጣት ያህል ብቻ» ይሉኛል። አንድ ጣት ያህል አንቀሳቅሳለሁ። «ሌላ አንድ ጣት።» እንዲህ አድርገው እንደ ሕፃን አወረዱኝ። መሬት ስረግጥ አለቀስሁ። እሳቸው ወደ ሌላ ያያሉ።

ቤት ስንመለስ የእጅ ሥራ ነው። የቤቱ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥዬ «አቡነ ዘበሰማያት» እደግማለሁ። መጀመሪያ ግማሹን ሳልደርስ እጄ ይለቅቃል። የየካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ደግሜ እወርድ ነበር። መዳፌ ተሰነጠቀ፤ ደማ፤ ቅቤ እንዳልቀባ ከለከሉኝ፤ ቆዳው ይለሰልሳል አሉ። ለላቡ ወገቤ ላይ በትንሽ ከረጢት አመድ አንጠለጥላለሁ፤ እጄ ሲረጥብ እነክረዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከጧት ጀምሬ እንድበላ አዘዙኝ። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉ። ምራታቸው የማሽላውን ቂጣ በሰሊጥ አድርጋ ከፊቴ ታስቀምጣለች። ታስቀምጥና ትሄዳለች። በእነዚያ ወራት ከእሷ የሰማሁት ቃል ከዐሥር አይበልጥም።

መጋቢት ላይ አራት ቁመት መውጣት ለምጄ ነበር፤ ለመድሁ ማለት መፍራቴን ሳልተው እግሬ መሥራት ተምሯል። ሙቀቱ መጥቷል፤ ዝናቡም እየቀረበ ነው። ልጨርሰውና ልገላገል የሚል ስሜት ያዘኝ። በየሌሊቱ ያ «ቆይ» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል፤ አፅሙ ከወረደ የሚተወኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጧት እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «ዛሬ እስከ የት ነው?»

«እስከ አራተኛው ምልክት።»

አራተኛው ላይ ስደርስ ደህና ነበርሁ። አላቆምሁም። አምስተኛውን አለፍሁ፤ ጫፉን ለመጨበጥ ስንጠራራ የያዝሁት ድንጋይ ተነቀለ። አወዳደቄን አላስታውስም። ስነቃ አሸዋው ላይ ነኝ፤ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ወደኋላ ታጥፈዋል።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ከላዬ ቆመዋል።

«ዛሬ ስንት አልህ?»

«አራት።»

«ስንት ወጣህ?»

«ስድስት።»

«ገመዱንም እንዲሁ ነው የሳብኸው» አሉኝ። ጣቶቼን ጎትተው መለሷቸውና በሽመል ስንጣሪ አሰሯቸው፤ ከዚያ አህያቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ወደ ወንዙ አልመጡም። በላዩ ላይ ንዳድ ያዘኝ። የቆላ ወባ የያዘው ያውቀዋል፤ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ይነዳል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። የወለደችኝ ሞታለች፤ ቤቴ የሚያየኝ የለም። የጓደኛዬ ሚስት በቀን ሁለት ጊዜ ውኃና አጥሚት ይዛ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ጠየቅኋት።

«ለምን ታስታምሚኛለሽ?»

«አንተ ከሞትህ ማን ያወርደዋል?» አለችኝ። ቅሉን አንሥታ ወጣች።

ከበሽታው ስነሣ ሚያዝያ አጋማሽ ነበር። ሁለቱ ጣቶቼ ቆልመም ብለው ደርቀዋል። ሽማግሌው እጄን ይዘው እያገላበጡ አዩት፤ አንድ ባንድ ጫኑት። «ጉድጓዱ አራት ጣት ያስገባል» አሉ። ከዚያም ዕቅዱን እንደገና አወጡ። ሰውነቴ ስለከሳ እንደ መጀመሪያው ከአንድ ቁመት ጀመርን። እኔ አልቸኮልሁም። ሦስት ሲሉኝ ሦስት ወጣሁ፤ ሁለት ሲሉኝ ሁለት። ለግራ እጄ ብቻ የተለየ ሥራ ሰጡኝ፤ ሌላ እጅ ሳልጨምር በሁለቱ ደህና ጣቶች አሸዋ የሞላ ስልቻ አንሥቼ ከዛፍ ዛፍ እሸከማለሁ። በየሦስት ቀኑ አንድ እፍኝ አሸዋ ይጨመርበታል። ግንቦት ሲገባ ስድስቱን ቁመት ወጥቼ ስወርድ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አህያውን ወደ ቤት መለሱት፤ ያ ነው ምስጋናቸው አልሁ።

ወደ ገደሉ የሄድነው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ሦስታችን ነበርን፤ እሳቸው በአህያ፣ ምራታቸውና እኔ በእግር። ሰዓቱን ያሰሉት እሳቸው ናቸው። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ጥላ ይሆናል፤ ያን ሰዓት ምሽጉ ላይ ያሉት ከሃሩሩ ሸሽተው ይተኛሉ። ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተን ቁጭ አልን።

«ዛሬ እስከ የት ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እስከ ዋርካው ሥር።»

«ደርሰህ ምን ታደርጋለህ?»

«እወርዳለሁ።»

ድንጋዩ የጠዋቱን ፀሐይ እንደያዘ ነው፤ ያቃጥላል። ጡጫዬን ስንጥቁ ውስጥ እየከተትሁ፣ እያዞርሁ፣ እግሬን እየሸጎጥሁ ወጣሁ። ከላይ አንድ ሰው ይዘፍናል፤ የሚለው አይገባኝም። የዋርካው ሥር ጋ ደርሼ ክንዴን አሳርፌ ወደ ላይ ሳይ ከመደቡ ጫፍ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጋቢ ነው። ተቀድዶ፣ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ፣ ገመድ እንዲሆን የተሠራ። ሁለት ቁመት እንኳ አይሞላም። ነፋስ ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል።

እጄ ደህና ነበር። ጊዜም ነበረኝ። ስድስት ቁመት ብቻ ቀርቶኛል። ያንን ጨርቅ እያየሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ወረድሁ።

ሽማግሌው ከሥር ይጠብቁኛል። ጨርቁን ከታች አይተውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ዓይናቸው ደክሟል፤ እሷ ግን ታያለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስን። በስተምዕራብ፣ በሱዳን በኩል፣ ደመና ጠቁሮ ይጮኻል። እሷ ከፍየል ቆዳ የሰፋችውን ስልቻ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ፤ እሳቸው በጋውን ሁሉ ሲሠሩ የከረሙትን ቀጭን የጠፍር ገመድ ደረቴ ላይ ጠመጠሙልኝ።

«የገደሉ ጥላ ሜዳው ላይ ያለው ያ ግራር ጋ ሲደርስ የትም ብትሆን ትመለሳለህ። እጅህ እሱን ነክቶም ቢሆን።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ዛሬ እስከ የት ነው?»

«እስከ መደቡ።»

ከዋርካው ሥር በላይ ያለው ልሙጥ እንዳሉት ነበር። ለእግር ጥፍር የሚያሳርፍ እንጂ ሌላ የለውም። ከላይ አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ባዶ ቆርቆሮ ከአናቱ ተወርውሮ በጎኔ አልፎ ወረደ፤ ከታች ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የገደሉ ሥር ሁሉ ጮኸ። ትንፋሼን ይዤ ጉንጬን አለቱ ላይ ለጠፍሁ። ማንም አላየም። የግራ እጄን ወደ ላይ ሰድጄ ከጠርዙ ጀርባ ዳበስሁ። የለም። ትንሽ ከፍ አደረግሁ። የለም። ሽማግሌው ያንን ጉድጓድ የያዙት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ተሳስተው ቢሆንስ? መልሼ ዝቅ አድርጌ ስዳብስ ጣቶቼ ገቡ። አቧራና የደረቀ የተርብ ቤት ሞልቶበታል። ሁለቱ ጣቶች ያዙ፤ ቆልማሞቹ እንደ ሜንጦ ተጠመዱ። ደህና ቢሆኑ ኖሮ እንዲያ ይይዙ እንደነበር አላውቅም። ራሴን ሳብሁና ደረቴን መደቡ ላይ ጣልሁ።

ያየሁትን ባጭሩ እናገራለሁ። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ነበር የሞተው። አሞራ የነካውን ነክቶታል፤ ሁሉንም አላገኘሁትም። ቢላዋው አጠገቡ ነው። የታኘከ ሰም በትንሽ በትንሹ ተከምሯል፤ ማሩን በልቶ ነበር። ማር ደግሞ ውኃ ያስጠማል። ውኃ ያለበት ምንም ነገር አልነበረም። መደቡ ላይ ያለው ድንጋይ እንደ ተጠረገ አውድማ ነው፤ አንድም ጠጠር አልቀረበትም። ንቦቹ ስንጥቁ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ፤ እኔን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም።

አፅሙን ሰብስቤ ስልቻው ውስጥ አስገባሁ። የጋቢውን ገመድ አብሬ አስገባሁት። ጠፍሩን ከመደቡ ጀርባ ባለው ቋጥኝ ላይ አዙሬ ወረድሁ። ጥላው ግራሩ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

ሽማግሌው ስልቻውን አልፈቱትም። በሁለት እጃቸው አነሡትና እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ቀላል ነው» አሉ። ቆይተውም «መደቡ ላይ ውኃ ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነበረው፣ አባባ። ከግድግዳው ይንጠባጠባል።»

ፊቴን አተኩረው አዩት።

«እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ» አሉኝ።

የቀበርነው በማግሥቱ ነው። ቄሱ ፍትሐቱን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አደረሱለት። የባንዳ ቃኚ በአካባቢው ስለሚዘዋወር ጩኸት አልተፈቀደም፤ አልቃሽ አልቆመችም፤ ደረት አልተመታም። ሚስቱ መቃብሩ ዳር ቆማ ከንፈሯን እስኪደማ ድረስ ነከሰች። ለአንድ ሰው የሚገባው ልቅሶ እንኳ አልደረሰውም። በሳምንቱ ዝናቡ ገባ።

ከዚያ በኋላ ወደፈለግህበት ሂድ ብለውኝ ነበር፤ የምሄድበት አላገኘሁም። እርሻቸውን አረስሁላቸው። ማሽላቸውን አረምሁ። እሳቸውም ሂድ አላሉኝም፣ ተቀመጥም አላሉኝም። ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ እፈራ ነበር፤ ይህ ፍርሃት ከገደሉ ይልቅ ይከብደኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ንዳድ ጣላቸው። መሬቱ ጭቃ ነው፣ መድኃኒት የለም። ዐሥራ አንድ ቀን አገላበጥኋቸው፣ አጠብኋቸው፣ በማንኪያ አጠጣኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ይዘው እነዚያን ሁለት ጣቶች ዳበሷቸው። ሞቱ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከበር አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ከደጋ የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ እኔን እያየ ምራታቸውን ጠየቃት።

«ይሄ ማነው?»

እሷ የያዘችውን ቅል መሬት አስቀመጠች።

«ልጃቸውን ያወረደው ነው» አለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ እግዜር ይስጥህ አለኝ። የትኛውን ማውረድ እንዳለች፣ ያን ጧት በገመድ ያወረድሁትን ይሁን አፅሙን፣ እሱ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ዐርባው ሲወጣ ዕቃዋን ጭና ወደ ወላጆቿ፣ ወደ አቸፈር ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እንግሊዝና ጣሊያን መተማ ላይ መድፍ ሲወራወሩ ከርመው ጣሊያኑ ለቆ ሲወጣ ምሽጉ ባዶ ቀረ። አንድ ቀን በስተኋላ በኩል በእግሬ ወጣሁ። የፈረሰ ካብና የዛገ ቆርቆሮ ነው ያለው። የግራሩን ግንድ ለማገዶ ቆርጠውታል። ጫፉ ድረስ ሄጄ ወደ ታች አየሁ፤ ከዚያ ሆኖ መደቡ አይታይም። በሁለት እጄ ሣሩን ይዤ ተቀመጥሁ። ፍርሃቱ ትንሽ እስኪለቀኝ ጠብቄ በመጣሁበት ወረድሁ፤ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበር።